ምንጩ ለምን ከተራራው ወገብ ይፈልቃል?

«ድንጋይና ውሃ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ባለፈው እትም ስለ ጉድጓድ ውሃ ከጻፍኩ በኋላ የመጡልኝ ጥያቄዎች ከጉድጓዱ ወጥተው ተራራ ላይ ወጡ። በጣም ደስ ብሎኛል። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አድጌ፣ የሥራ ዘመኔን በዚሁ ዞን ከቁፋሮ ማሽን ጎን ቆሜ የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ ስመረምር ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ስለ ጉድጓድ ጥልቀትና ስለ ፓምፕ የሚጠይቀኝ ሰው ሞልቷል። ከላያችን ያለው ጥቁር ድንጋይና ደን ለውሃው ምን እንደሚሠራለት የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነበር። የዛሬውን ገጽ ለተራራው ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ በበለጠ ደን ግርጌ የምኖር የቡና ገበሬ ነኝ። የቤታችን ምንጭ የሚፈልቀው ከተራራው ወገብ ነው። የጎረቤቶቼም እንደዚያው፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል በአንድ ከፍታ ላይ ተሰልፈዋል። ከነሱ ትንሽ ከፍ ብለን ብንቆፍር ደረቅ ነው። ውሃ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ለምን ሸለቆው ድረስ አይወርድም? ደግሞስ ከላይ ያለው ጫካ ለእርሻ ከተመነጠረ ወዲህ በበጋ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ምንጮቹ በአንድ ከፍታ መሰለፋቸውን ማስተዋልዎ የመልሱ ግማሽ ነው።

ተራራዎ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። በየዘመኑ ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ ከተዘረጋ ቅልጥ አለት የተሠራ ነው። ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚግል ላቫ ሜዳውን ሞልቶ ይተኛል፤ ቀዝቅዞም ይጠጥራል። ከዚያ ረጅም ዕረፍት ይመጣል። ዝናቡ የላዩን ድንጋይ እያበሰበሰ አፈር ያደርገዋል፤ ሣርና ዛፍ ይበቅልበታል። ቀጣዩ ላቫ ሲመጣ ያንን አፈር ከነቡቃያው ይሸፍነዋል፣ በግለቱም ይጠብሰዋል። መንገድ ሲቆረጥ በጥቁሩ ድንጋይ መሃል ቀይ መስመር አይተው ከሆነ፣ ያ የተጠበሰ የጥንት አፈር ነው። ተራራው እንግዲህ በየመሃሉ ጭቃ እየተመረገበት እንደተካበ የድንጋይ ግድግዳ ነው።

አሁን ውሃውን እንከተለው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል። የዝናብ ውሃ በእነዚህ ስንጥቆች እየሰረገ ይወርዳል። የእያንዳንዱ ላቫ ግርጌና አናት ጋዝ ያመለጠባቸው ቀዳዳዎች የሞሉት፣ የተሰባበረ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ያቁራል። ከሥሩ ግን ያ ቀይ ሸክላ ተዘርግቷል፤ ውሃው ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ በሸክላው ላይ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ዳገቱ ንብርብሩን የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ይወጣል። የእርስዎም የጎረቤቶችዎም ምንጭ የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ መጋጠሚያ ነው። ከመስመሩ በላይ ሲቆፍሩ ያገኛችሁት ጠጣሩን የላቫ ሆድ ነው፤ ውሃው በስንጥቅ ያልፍበታል እንጂ አያድርበትም።

ጉድጓድ ስንቆፍር ይህ በዓይን ይታያል። ማሽኑ ባዛልት በሚባለው ጠጣር የላቫ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት ያቃስታል፤ የሚወጣውም ግራጫ ዱቄት ነው። ድንገት ይፈጥንና ቀይ ጭቃ መትፋት ይጀምራል። ቆፋሪዎቹ ያኔ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፤ ውሃው ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ሩቅ አይደለምና።

ወደ ጫካው ልምጣ። ደን ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ነገር ግን የጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፣ አብዛኛውም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው የሚወርደው። ለበጋ ምንጭ ወሳኙ ነገር በእነዚህ ወራት የወረደው ውሃ ወደ ስንጥቆቹ መግባቱ ነው። በደኑ ውስጥ ጠብታው መጀመሪያ ቀራሮው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ታችኛው ዛፍ ላይ፣ ከዚያ ቡናው ላይ፣ መጨረሻ የረገፈው ቅጠል ላይ። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ሥርና ምስጥ የቦረቦሩት አፈር ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። ጫካው ሲመነጠር ያው ጠብታ ባዶ እርሻ ይመታል፤ የአፈሩ ፊት ይደፈንና ውሃው በላዩ ይነጉዳል። በክረምት ጎርፍ የሆነብዎት ውሃ በየካቲት ከምንጭዎ የጎደለው ውሃ ነው።

ብዙ ቀበሌዎች ምንጭ ሲያጎለብቱ ሲሚንቶውንም አጥሩንም ከምንጩ ዓይን ላይ ያደርጉና ከላይ ያለውን ዳገት ይረሱታል። አጥሩ ጥሩ ነው፤ ሰውና ከብት እንዳይበክለው ይጠብቃል። ውሃው የሚገባው ግን ከላይ ነው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተማክራችሁ ከምንጮቹ በላይ ያለውን መሬት ከእርሻ አውጡት፤ እርከን ሥሩበት፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ ይመለስበት። ባሕር ዛፍ ግን ከምንጭ አጠገብ አይተከል። ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ከምንጩ የራቀ ቦታ ይፈለግለት።

ጥያቄ፦ ከዴዶ ነው የምጽፈው። ከቤታችን በላይ ባለው የቡና ማሳ ውስጥ በዚህ ክረምት ጎበጥ ያለ ረጅም ስንጥቅ ወጣ። መዳፌ ይገባበታል። ባለቤቴ አፈር ሞልቶት ነበር፤ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ተመልሶ ተከፈተ። የጓዳው በርም አልዘጋ ብሏል። አማቴ «ይህ መሬት አያት ቅድመ አያት የኖሩበት ነው፣ አትሸበሩ» ይላሉ። ልሸበር ወይስ አልሸበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ደውዬ መልሱን ነግሬሻለሁ። እዚህ የማትመው ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው። አዎ፣ መሸበር ይገባል፤ መሸበር ብቻ ሳይሆን መነሳት።

የተራሮቻችን ባዛልት ከላዩ ወፍራም ቀይ ሸክላ አፈር ለብሷል። በበጋ ይህ አፈር ገደል ሆኖ ይቆማል። በክረምት ውሃ ሲሞላው ግን ይከብዳል፤ በውስጡ የታመቀው ውሃም አፈሩን ከሥሩ ካለው ድንጋይ ሊያላቅቀው ይገፋል። አፈሩ ከጠጣሩ አለት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ወይም በሁለት ላቫ መሃል ባለው ሸክላ ላይ፣ መንሸራተት ይጀምራል። የተጎበጠው ስንጥቅ ተንሸራታቹ መሬት ከተራራው የሚለይበት አናት ነው። በር አልዘጋ ማለቱ ደግሞ ቤቱ ራሱ በሚሄደው መሬት ላይ እንዳለ ይጠቁማል። ሌሎችም ምልክቶች አሉ፦ የአጥር እንጨትና ዛፍ ማዘንበል፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ መደፍረስ፣ ባልነበረበት ቦታ ውሃ መውጣት።

አማትሽን አከብራቸዋለሁ፤ መሬቱም በእርግጥ ብዙ ትውልድ አኑሯል። ግን ለረጅም ዘመን ቆሞ የነበረ ዳገት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ወገኖቻችን ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን ወሰደ። ስለዚህ ናዳ በወረደበት ዳገት ሥር፣ በተለይ ዝናቡ ሳያባራ፣ ተሰብስቦ መቆም አይገባም። የሰው ልጅ ወገኑን ለማዳን መሮጡ አይቀርም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ስንጥቁን ይጠብቅ፣ ሲንቀሳቀስም ይጩኽ።

ለቀበሌው አሳውቁ፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ከዚያ ቤት ውጡ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ወደ ጎን አስወጡት፤ ስንጥቁንም ሸክላ አፈር ጠቅጥቃችሁ ድፈኑት፤ ተጨማሪ ውሃ እንዳይገባ ይረዳል። ይህ ግን እዚያ ቤት ተኝቶ ለማደር ዋስትና አይሆንም። ዛፍ መትከልም እንደዚሁ ነው። የዛፍ ሥር የላይኛውን አፈር አጥብቆ ይይዛል፤ ጥልቅ ሆኖ የሚሄደውን መሬት ግን አንዴ ከተነሳ አይመልሰውም።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከጅማ ከተማ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቴሌቪዥን አየሁ። አስተማሪያችን የጅማ ተራሮችም ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው ብሎናል። የኛም ሊፈነዱ ይችላሉ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አስተማሪህ ትክክል ነው፤ አንተ ግን ተኛ። የእኛዎቹ እሳታቸው ከጠፋ እጅግ ቆይቷል። ጂኦሎጂስቶች የጅማ ቮልካኒክ የሚሏቸው ድንጋዮች ዕድሜ ከ43 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሰሜኑን ደጋ የሠራው ታላቅ የላቫ ጎርፍ የወረደው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ስለሆነ፣ ከእኛዎቹ ብዙዎቹ ከስሜን ተራራ ድንጋይ ይቀድማሉ። ዛሬ መሬት የሚከፈለው በአፋርና በስምጥ ሸለቆው ነው፤ ቅልጥ አለቱም መውጫ የሚያገኘው እዚያ ነው። ጅማ ያለችው ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ በደጋው ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትወጣ ዙሪያህን እይ። ተራሮቹን ስታይ ሁሉም የእሳተ ገሞራ አፍ ነበሩ ብለህ እንዳታስብ። ላቫው ሲፈስ የሞላው ሰፊ ሜዳ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬቱ ከፍ አለ፤ ወንዞችም በሚሊዮኖች ዓመታት ቆረጡት። ዛሬ ተራራ የምንለው አብዛኛው ወንዝ ያልወሰደው ቅሪት ነው። ሸለቆው ማዶ ያለውን ዳገት ካየህ ንብርብሩ ከዚህኛው ጋር ትይዩ ሆኖ ታገኘዋለህ። በዳገቱ ላይ ደረጃ እየሠሩ የሚታዩት ቦታዎች ጠጣሩ ላቫና ለስላሳው መጋጠሚያ የሚፈራረቁባቸው ናቸው።

በላቫዎቹ መሃል የነበረው ዕረፍት ምን ያህል ረጅም እንደነበር ለማወቅ ደግሞ የድንጋይ ከሰሉን እይ። ከጅማ በስተ ደቡብ ደልቢና ሞዬ በሚባሉ ቦታዎች በባዛልት መሃል የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰል የተቀበረ ዕፅዋት ነው። ሁለት ላቫ በወረደበት ዘመን መካከል እዚያ ረግረግና ደን ነበረ፤ ዛፉ በውሃ ውስጥ ወድቆ ተከማቸ፤ ደለል፣ ቀጥሎም ሌላ ላቫ ከላዩ ተጫነው። በጎንደር አቅራቢያ ጭልጋ ላይ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የነበሩ ዛፎች ቅጠል ታትሞ ተገኝቷል። ይህ መሬት ደን ያበቀለው ዛሬ ብቻ አይደለም። ያዩ ላይም ከሰል አለ፤ በዚያው ወረዳ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የጫካ ቡና ደንም አለ። የኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ፣ ከሰሉ ባለበት ቢቆይ እመርጣለሁ፤ የጫካ ቡናው ዘር አንዴ ከጠፋ የሚተካ የለውም።

ጥያቄ፦ ከሰቃ ጨቆርሳ መንገድ አጠገብ ድንጋይ እንፈልጣለን። አንዳንዱ ጥቁር ድንጋይ ቅርፊት በቅርፊት እየተላጠ መሃሉ ክብ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ገዢዎች አንወስድም ይሉናል። ሁለቱም ባዛልት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ክቡ ድንጋይ በመበስበስ ላይ ያለ ባዛልት ነው። ውሃ በስንጥቆቹ ዙሪያውን ይገባና ከማዕዘኑ ጀምሮ ይበላዋል፤ ማዕዘን ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ስለሚጠቃ ቶሎ ያልቃል፣ ድንጋዩም ይከበባል። ቅርፊቱን ጣሉት፤ መሃሉ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። በመዶሻ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ለመሠረትም ለኮብልስቶንም አይሁን።

ነጩ ነጠብጣብ የጥንቱ የጋዝ ቀዳዳ በኋላ ካልሳይት ወይም ዚዮላይት በሚባል ነጭ ማዕድን ተሞልቶ ነው። ለአጥር ካብ ምንም አይል። ለኮንክሪት ጠጠር ግን ነጠብጣቡ የበዛበትን አትፍጩ፤ ገዢዎቻችሁ ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ በአጋሮ በኩል የምመላለስ ሹፌር ነኝ። እዚህ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ የት ነው የሚደርሰው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ የወረደበት ጎን ይወስነዋል። በጅማ በኩል የወረደው በአዌቱና በግልገል ጊቤ አድርጎ ኦሞ ይገባል፤ ቱርካና ሐይቅም ድረስ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለውን 184 ሜጋ ዋት የግልገል ጊቤ ማመንጫ ያዞራል። ከጎማ ተራሮች በወዲያ በኩል የወረደው ደግሞ በዴዴሳ አድርጎ ወደ ዓባይ፣ ከዚያም ሜዲትራኒያን ባሕር ይወርዳል። ከእነዚህ ዳገቶች የተሸረሸረ አፈርም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው፤ የግድቡን ሆድ የሚሞላው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከጎማ ወረዳ ነኝ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከቡናችን ጎን ያለው ጫካ ጨለማ እስኪመስል ለምልሟል። እኛም ከዚያው ጫካ ጫፍ መንጥረን በቆሎ ዘራን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበር፤ አሁን ማዳበሪያ ብጨምርም ይገረጣል። አፈሩ አንድ ነው፣ ቀይ ነው፣ ጥልቅ ነው። ጫካውን ያጠገበ አፈር እኔን ለምን ነፈገኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አፈሩ አልነፈገሽም። ጫካው የሚበላው በአብዛኛው ከራሱ ከረገፈው ቅጠል ነው።

ባዛልት ሲበሰብስ መጀመሪያ የሚሟሟው ኦሊቪን የሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ነው፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ይከተላሉ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ይለቀቃሉ፤ ለሰብል ምግብ ናቸው። ግን በእኛ ዝናብ ከዓመት ዓመት እየታጠቡ ይሄዳሉ። የሚቀረው ሸክላና ብረት ነው፤ ብረቱ ዝጎ አፈሩን ያቀላዋል። ይህ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ሥር ጠልቆ ይገባበታል፣ ለቡና ደግሞ ከሀገራችን ምርጥ አፈሮች አንዱ ነው። ሁለት ጠባይ ግን አለው፤ ይኮመጥጣል፣ ፎስፈረስንም ጨብጦ ይይዛል። የጨመርሽው ማዳበሪያ ፎስፈረሱ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ይጣበቅና በቆሎው ሳያገኘው ይቀራል።

ጫካው ይህን ችግር የሚያልፍበት መንገድ አለው። ሰሳና ብርብራ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ወደ አፈር የሚያስገቡ ዛፎች ናቸው። (የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ዓሣ የሚያደነዝዙበትን አንቺም ሆንሽ ሌሎች አንባቢዎቼ ልጅ ሳላችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም።) ዋንዛ ቅጠሉን ያረግፋል። ጌተም የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ነው፤ ሥሩን ወደ መሬት ይልካል፤ ሲያብብም ንቦቻችንን ያጠግባል። ከሥራቸው ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ ይበቅላል። የወደቀው ሁሉ በስብሶ ሳይታጠብ፣ ከላይኛው ስስ አፈር ላይ ሥሮቹ መልሰው ይወስዱታል። ጥቁሩን የላይኛውን አፈር በእጅሽ ጫር ብታደርጊው ከሥሩ ያለው የእርሻሽ ዓይነት ቀይ አፈር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቆሎ የበላው ያንን ብስባሽ ነው። እሱ ሲያልቅ በቆሎው ከቀዩ አፈር ጋር ብቻውን ቀረ።

የቀረውን ጫካ አትመንጥሪው፤ ከዚህ የተነሳ የምመክርሽ መጀመሪያ ይህንን ነው። በቡናው ውስጥ ያሉትን ሰሳና ብርብራዎች ለብርሃን ብለሽ አትጨርሺ፤ ቅርንጫፍ ማሳሳት ይበቃል፤ የተቆረጠውም እዚያው ይበስብስ። የቡናውን ገለፈት አታቃጥዪው፣ ከከብቱ ፍግ ጋር ኮምፖስት አድርጊውና ለበቆሎው ማሳ ስጪው። ብስባሽ የብረቱን ጭብጥ ያላላል፤ ማዳበሪያሽም ያኔ ዋጋ ይኖረዋል።

ለኮምጣጣነቱ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን በምርመራ ይወሰን እንጂ በግምት አይሁን። ለምርመራ የምትሰጪውን አፈር ከማሳው አንድ ጥግ ብቻ አትውሰጂ። ከተለያየ ቦታ አንድ አንድ ጭብጥ ቆፍረሽ በንጹሕ ዕቃ ቀላቅዪውና ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ስጪ። ኖራውንም ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ ከአፈሩ ጋር አርሰሽ ቀላቅዪው።